አይሱዙ ላይ የምሠራው መጎተቻ ፊቱ እየቀለለ አስቸገረኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጅማ ከተማ ብየዳ ቤት አለኝ። በአንድ ደንበኛ አሮጌ አይሱዙ ላይ የተበላሹ መኪናዎችን አንስቶ የሚጎትት ክንድ እየሠራሁ ነው። በሁለቱ አክስሎች (የፊትና የኋላ ጎማ ዘንጎች) መካከል ያለው ርቀት 3.4 ሜትር ሲሆን ክንዱ ከኋላው አክስል 2 ሜትር ይወጣል። 1,700 ኪሎ ግራም ሲያነሳ ከፊት አክስል 1,000 ይቀንሳል፤ የኋላው ላይ ጭነቱና ከፊት የቀነሰው ተደምረው 2,700 ይጨመራል። በክረምት ጭቃ፣ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ፣ እንዲህ የቀለለ ፊት መሪ አይታዘዝም። ባለቤቱ «ፊቱ ላይ ብረት ጫንበት» ይለኛል፤ ለኋላው አክስል ግን ብዙም አይጠቅምም። ክንዱን 1.4 ሜትር ባደርገው ከፊት የሚቀንሰው 700 ይሆናል፤ ነገር ግን ኩርባ ላይ የሚጎተተው መኪና እንዳይጋጭ ሰጋሁ። የሠራችሁ ካላችሁ፣ ስንት ሜትር ተዋችሁ? ክንዱን የሚሸከመውን ብረትስ ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አካል) ጋር በብሎን ነው ያሰራችሁት ወይስ በየዳችሁት?