ወደ ሲያትል ልንገባ ነው፣ «ፓሲፊክ ኖርዝዌስት» የሚሉት ግን የቱ ጋ ነው?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሲያትል ሥራ አግኝቶ ጁላይ ላይ ልንገባ ነው፣ 11 ዓመት ከኖሩበት መነሳት ቀላል አይደለም እንግዲህ ምን ይደረግ። የቤት ኪራዩን ምናምኑን ጠይቀናል። ያስጨነቀኝ ሰው ሁሉ «ፓሲፊክ ኖርዝዌስት እኮ ባህሉ ሌላ ነው» ይለኛል፣ የት ተጀምሮ የት ያልቃል ስላቸው ግን አንዱ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ይላል፣ አንዱ የካናዳውን ቫንኩቨር ይጨምርበታል፣ አንዷ ጓደኛዬማ አይዳሆም አለበት አለችኝ፣ አይዳሆ ባህር የት አለውና! ደግሞ ሰዉ ቀዝቃዛ ነው፣ ፀሐይ የለም፣ ዝናቡ አያባራም ይባላል። እውነት ነው? ልጆቹ 9 እና 13 ናቸው።

ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ በቅድሚያ። እዚህ 22 ዓመቴ ነው። ድንበሩን ከፈለግሽ የስቴት መስመሩን ተይውና ተራራውን እዪ። ካስኬድ የሚባለው ሰንሰለት ከካናዳ ተነስቶ ዋሽንግተንንና ኦሪገንን ለሁለት ሰንጥቆ ካሊፎርኒያ ይገባል፣ ከባህር የመጣው ደመና እሱ ላይ ሲወጣ የያዘውን በኛ በኩል አራግፎ ይጨርስና ማዶው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ያኪማ ሂጂ፣ ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 200 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ያ ሁሉ አፕል በመስኖ ነው የሚበቅለው። ሲያትል 950 ምናምን ያገኛል። አዲስ አበባ ስንት ይመስልሻል? ከ1,100 በላይ! እና ዝናብ ብለው ሲያስፈራሩሽ ሳቂባቸው። የሚከብደው ሌላ ነው፣ የኛ ክረምት ዶፉን አውርዶ አደይ አበባውን አሳይቶ ይሄዳል፣ የዚህኛው ከኦክቶበር እስከ አፕሪል ካፊያ ነው፣ ዣንጥላ የሚይዝ እንኳን የለም ሁሉም ኮፍያ ያለው ጃኬት ነው፣ ዲሴምበር ላይ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ሲል ፀሐይዋ ትጠልቃለች፣ ከሥራ ስትወጪ ሌሊት ነው በቃ።

ጁላይ ስለሆነ የምትመጪው ትሸወጃለሽ ብዬ ነው። ሀገር ቤት ዶፍ በሚሆንበት ወር እዚህ ጠብ አይልም፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብርሃን ነው፣ ሬኒየር ተራራ 4,392 ሜትሩን ይዞ በረዶውን ለብሶ ከመኪናሽ መስታወት ፊት ይቆማል። የዛን ቀን ቢሮ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፣ «ዛሬ ተራራው ወጥቷል»። የት ሄዶ ነው የወጣው አትበይ፣ እንደዛ ነው የሚባለው። (ዳሽን ይበልጠዋል፣ እሱን ለልጆቹ ንገሪያቸው።)

ሰዉ ቀዝቃዛ ነው ለሚለው፣ ራሳቸው «ሲያትል ፍሪዝ» ይሉታል፣ የሲያትል ብርድ እንደማለት። ለኔ ግን ይሉኝታ ነው፣ የኛው ይሉኝታ። ባለፈው ስቶፕ ላይ አራት መኪና ከአራት አቅጣጫ ደረስን፣ ሴትየዋ ለኔ እለፍ ትላለች በእጇ፣ እኔ ለሱባሩው፣ ሱባሩው ለባለ ብስክሌቱ፣ ማንም ሳያልፍ ተፋጠን ቀረን። «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ» ማለት እኮ ነው! አንድ ቀን ቡና እንጠጣ ይልሻል፣ ያቺ ቀን አትመጣም፣ ግን እምቢ ብሎሽ አይደለም። ጎረቤቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእጅ ሰላምታ አላለፈም፣ እናቴ ያረፉ ጊዜ ቤቱ በሰው ሲሞላ አይቶ ለመግባት ፈርቶ ነው መሰለኝ በጭስ የደረቀ ሳልመን በወረቀት ጠቅልሎ በር ላይ አስቀምጦ ሳያንኳኳ ሄደ። ጾም ነበር፣ ለቅሶ ቤቱ ዓሣ ይበላል አይበላም ብሎ ተከራከረ፣ እትዬዎቹ እያጉረመረሙ ፍሪጅ ከተቱት። በእንዲህ ዓይነት ሰው ተከብበሽ ነው የምትኖሪው።

ፖርትላንድ

ጋሼ ይሉኝታዋ ተመችታኛለች ግን እኔ ትንሽ ልጨምር፣ ደስ ባይልም። በ1988 ኖቬምበር ሙሉጌታ ሥራው የሚባል ሊማር የመጣ ወጣታችንን እዚችው ጨዋ ከተማ ውስጥ ስኪንሄድ የሚባሉ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ሳውዝኢስት 31ኛና ፓይን መንገድ ላይ ስሙ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተሰቅሏል፣ አውቶቡስ ጠብቄ ቀና ስል የራሴን ፊደል እዛ ማየት ምን እንደሚያደርግ ልነግራችሁ አልችልም። ቤተሰቡ ገዳዮቹን ያነሳሳውን ዘረኛ ድርጅት ፍርድ ቤት ከሰው በ1990 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶላቸዋል። ኦሪገን በ1859 ስቴት ስትሆን ጥቁር መጥቶ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ነበር፣ የተሻረው በ1926 ነው። ስለዚህ ዛፉን፣ ተራራውን፣ አካባቢውን ካስኬዲያ ብለው የሚሰቅሉትን ሰማያዊ ነጭ አረንጓዴ ባንዲራቸውን እወዳለሁ፣ 17 ዓመት ኖሬበታለሁ፣ እዚህ ጥቁር ሰው ለምን እንዳነሰ የሚጠይቀኝ ካለ ግን ይሄንንም እነግረዋለሁ።

ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች

እውነት ብለሃል ወንድሜ። እዚህም ሴንትራል ዲስትሪክት ጥቁር የተሰበሰበው ሌላ ሰፈር አትገዛም ስለተባለ ነው፣ እኛም መጀመሪያ እዛው ቼሪ መንገድ ጃክሰን መንገድ ሬስቶራንት ከፈትን፣ ኪራዩ ሲንር ወደ ደቡብ ተገፋን። አሁን ሬንተን፣ ኬንት፣ ታክዊላ ነው ሰዉ።

ብሬመርተን፣ ፌሪ የምመላለስ

ባህር ካላችሁ ማዶም አለን እንዳትረሱን። የ13 ዓመቱ ትምህርት ቤት ስለ አገሬው ተወላጅ ጎሳዎች ይማራል፣ ደስ ይላል፣ ሲያትል የሚለው ስም ራሱ የዱዋሚሽና የሱኳሚሽ አለቃ የነበሩ ሰው ስም ነው። ከአካባቢው ጎሳዎችና ከነጋዴው ቋንቋ የተቀላቀለ ቺኑክ የሚባል የገበያ ቋንቋ ነበር፣ የዋሽንግተን መሪ ቃል ከዛ የተወሰደ ነው፣ «አልካይ»፣ ቀስ እያለ ይደረሳል እንደማለት። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት መጥቶ ዕቃ እጠብ ስለው «አልካይ» ይለኛል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ፖርትላንድ ያለኸው ወንድሜ የጻፍከውን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም አለ። ጋሼ ሳልመኑ መጨረሻው ምን ሆነ? ደግሞ እርሾዬን ይዤ ልምጣ ወይስ ብርዱ አያስነሳውም?

ቦይዚ፣ አይዳሆ

ባህር የላችሁም ተብለን ተባረን ነበር ለካ! እትዬ፣ ስኔክ ወንዝ በስቴታችን አልፎ ኮሎምቢያ ገብቶ ፓሲፊክ ነው የሚወርደው፣ እና በዚህ ወንዝ ዳር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይዘራል። ሲያትል የምትጋግሪው ጤፍ ከኛ ማሳ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከዛ በኋላ ማን ውስጥ ማን ውጭ እንደሆነ እናንተ ተነጋገሩ። እርሾውን አምጪው፣ ሊጡን ዲሴምበር ላይ ኦቨን ውስጥ አስገብተሽ ኦቨኑን ሳትለኩሺ መብራቱን ብቻ አብሪለት፣ አለዚያ እስከ አምስት ቀን ሊቆይብሽ ይችላል።

ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች

ሳልመኑ ለፋሲካ ተበላ። እትዬዎቹ ናቸው የጨረሱት።