መዳሜ የሰጠችኝ ምንጣፍ እውነተኛ የፋርስ ነው? ይዤው ልግባ ወይስ ልሽጠው?

ሰብልዬ_ዱባይ (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ ወገኖቼ? ዱባይ የማስታምማት አሮጊት መዳሜ ቤተሰቦቿ ከኢራን የመጡ ናቸው። ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ልገባ ስለሆነ አንድ ምንጣፍ ሰጠችኝ። «ከእናቴ ቤት የመጣ ነው፣ የእጅ ሥራ ነው» አለችኝ። ወርዱ 1.30፣ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። መደቡ ቀይ ነው። መሃሉ ላይ ሹል ሹል ማዕዘን ያለው ትልቅ ጥቁር ሰማያዊ ቅርጽ አለ። ጫፍና ጫፉ ነጭ ዘርፍ አለው፣ በአንዱ በኩል ተበልቷል። ቀዩ ቀለም ደግሞ አንድ ቦታ ደመቅ፣ አንድ ቦታ ፈዘዝ ይላል።
ጥያቄዬ፦ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የየት አካባቢስ ነው? ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ «ላኪልኝ፣ እዚህ በውድ ይሸጣል» ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «አሳጥበን ሳሎን እናነጥፈዋለን» ይላል። ምከሩኝ።

የመርካቶ_ልጅ
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ግን ቶሎ አትመኚ፣ «የፋርስ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙው የማሽን ነው። ከዘርፉ አንድ ክር ምዘዢና በክብሪት አቃጥዪው። ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው። ላስቲክ ላስቲክ ከሸተተ ሰው ሠራሽ ነው። ቋጠሮውንም ቁጠሪ፣ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል።

ሙና_ሻርጃ
ስለ ምንጣፍ አላውቅም፣ ስለ ጉዞ ግን ልንገርሽ። ሰብልዬ፣ መዳምሽ መስጠቷን በወረቀት ታስጽፍልሽ። ቢያንስ በዋትሳፕ በራሷ ድምፅ «ሰጥቻታለሁ» ትበል። ከምንጣፉ ጋር ሆና ፎቶ ብትነሳም ጥሩ ነው። አሮጊቷ ዛሬ ደግ ናት፣ ነገ ልጆቿ መጥተው «የእናታችን ዕቃ የት ገባ?» ቢሉሽ ማን ይመሰክርልሻል? ይህን ሳትይዢ ኤርፖርት እንዳትሄጂ።

ጋሽ_ምንጣፍ
ሙና ያለችውን አስቀድሚ ልጄ። እኔ ሻርጃ፣ ሰማያዊው ገበያ፣ ምንጣፍ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው።
ከመርካቶ ልጅ ጋር ትንሽ ልጣላ። ዘርፉን አታቃጥዪ። የብዙዎቹ ዘርፍ ጥጥ ስለሆነ ስለ ፊቱ ምንም አይነግርሽም። የግድ ከሆነ ከፊቱ የረገፈች ብጣሽ ክር ትበቃለች። እሷም ሱፍ መሆኑን እንጂ በእጅ መሠራቱን አታሳይም፤ ማሽንም በሱፍ ይሠራል።
ምንጣፍ የሚመረመረው በጀርባው ነው። ገልብጪው። የእጅ ሥራ ከሆነ የፊቱ ሥዕል በጀርባውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቋጠሮዎቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላል። ከዚያ ዘርፉን ተከተዪ። በእጅ ሥራ ላይ ዘርፍ ማለት የድሩ ጫፍ ነው፣ ከምንጣፉ ሆድ ይወጣል። ከላይ ተሰፍቶ የተለጠፈ ከሆነ ወይ ጥገና ነው ወይ ማሽን ነው።
የቀዩ መፍዘዝና መድመቅ አያስጨንቅሽ። «አብራሽ» ይሉታል። ሱፉ በተለያየ ጊዜ ስለሚነከር የሚመጣ ነው። ብዙ ገዢ እንዲያውም ይወደዋል።
ቋጠሮ መቁጠር ደግሞ እንደ አካባቢው ነው። ቆም በምትባለው የኢራን ከተማ የሚሠራ የሐር ምንጣፍ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ100 በላይ ቋጠሮ ሊኖረው ይችላል። የደቡብ ኢራን የቃሽቃይ ዘላኖች የሚሠሩት ጋቤህ የሚባለው ምንጣፍ ግን ፀጉሩ ረጅም፣ ቋጠሮው ጥቂትና ወፍራም ነው። እሱን በቆም መለኪያ ከለካሽው ቆሻሻ ነው ብለሽ ትጥይዋለሽ። ጥሩ ጋቤህ ግን ፈላጊው ብዙ ነው።
አካባቢውን ለመገመት መጀመሪያ «ከተማ ነው፣ መንደር ነው፣ ወይስ ዘላን?» ብለሽ ጠይቂ። ከተማ ውስጥ ሥዕሉን ሠዓሊ በካሬ ወረቀት ላይ ይነድፋል፣ ሠሪው ካሬ በካሬ ይከተላል። ስለዚህ አበባው ይጠማዘዛል፣ ሐረጉ ይፈሳል። ካሻን፣ ኢስፋሃን፣ ኬርማን፣ ታብሪዝ እንደዚህ ናቸው። ናይን ክሬምና ሰማያዊ ይወዳል፣ አበባውን በሐር ይከባል። የታብሪዝ ሰው ጫፉ የተቆለመመ ቢላዋ ይዞ ይቋጥራል፣ እጁን ለማየት ይከብዳል። መንደርና ዘላን ሴቶች ደግሞ በቃላቸው ነው የሚሠሩት። በቃል ሲሆን መስመሩ ቀጥ፣ ማዕዘኑ ሹል ይላል። ሄሪዝ፣ ሃማዳን፣ ባሉች፣ ቱርክመን እዚህ ይገባሉ። ኩርዶቹ የሚሠሩት ቢጃር ማጉ በከባድ ማበጠሪያ ተመትቶ ስለሚጠቀጠቅ እንደ ሳንቃ ይደርቃል። እሱን ማጠፍ አይቻልም፣ ይሰበራል።
ያንቺ ከማዕዘኑ የተነሳ የከተማ አይመስለኝም። ጀርባውን በደንብ አይተሽ ንገሪኝ።

ሰብልዬ_ዱባይ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገለበጥኩት። ሥዕሉ በጀርባው ይታያል። ዘርፉ ከውስጡ ነው የሚወጣው። በቋጠሮዎቹ መሃል ነጭ የጥጥ ክር ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ዳማ ሰሌዳ ይመስላል። በካሬ ሳንቲ ሜትር 12 ቋጠሮ ቆጠርኩ። ትንሽ ነው አይደል? እውነት ለመናገር ከፋኝ። ደግሞስ የፋርስ ምንጣፍ ይህን ያህል ስሙ የገነነው ለምንድነው?

ጋሽ_ምንጣፍ
አይክፋሽ። ያ ብቅ ጥልቅ የሚለው ነጭ ክር ነው የሚናገረው። በየቋጠሮው ረድፍ መሃል አንድ ማግ ብቻ ሲያልፍ የድሩ ጥጥ እንዲህ በጀርባ ይታያል። የብዙዎቹ አካባቢዎች ሁለት ማግ ያሳልፋሉ። አንድ ማግ፣ ጥጥ ድር፣ መሃሉ ላይ ያለው ሹል ቅርጽ (ሜዳልያ ይሉታል)፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ፣ 1.30 በ2 ሜትር… እኔ የሃማዳን ነው እላለሁ። ሃማዳን ከተማዋ ገበያ ናት፤ ሠሪዎቹ በዙሪያዋ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ መንደሮች ናቸው። ለእነሱ 12 ቋጠሮ ደንበኛ ነው። የሚሊየነር ዕቃ አይደለም፣ ግን ጠንካራ ነው፤ ልጅ ቢሮጥበት ግድ የለውም።
ስሙ የገነነው ፋርስን ይገዙ በነበሩት በሳፋቪድ ነገሥታት ጊዜ ነው። ሻህ ታህማስፕና ሻህ አባስ የቤተ መንግሥት የምንጣፍ መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግርሽ። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የአርዳቢል ምንጣፍ ላይ የካሻኑ የማቅሱድ ስም በክር ተጽፏል፣ ዘመኑም በሂጅራ 946፣ ማለትም 1539 ወይም 1540 ነው። ቁመቱ 10 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሙዚየሙ በ1893 በ2,000 ፓውንድ ገዛው። መንትያውም ሎስ አንጀለስ አለ፤ ሁለቱም ተጎድተው ስለነበር ከእሱ ላይ እየተቆረጠ ነው የለንደኑ የተጠገነው። እኔን ሁሌ የሚያናድደኝ ይሄ ነው!
አፍጋኖች በ1722 ኢስፋሃንን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱ ሥራ ተበተነ። መንደሩና ዘላኑ ግን አላቆመም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ምንጣፍ ሲጠማ የታብሪዝ ነጋዴዎች ገበያውን አነቃቁት። የማንቸስተሩ ዚግለር ኩባንያም ዛሬ አራክ በምትባለው ሱልጣናባድ ገብቶ ለፈረንጅ ሳሎን በሚሆን ልክ ያሠራ ነበር። ቆም ራሷ ዛሬ እንዲህ ስሟ ቢገንም ምንጣፍ የጀመረችው በ1930ዎቹ ነው። ስለዚህ «የቆም ነው፣ 200 ዓመቱ ነው» የሚልሽ ሰው ካለ ሳቂበት።

ዲሲ_ታክሲ
ሰብልዬ፣ ወደ ቨርጂኒያ እንዳትልኪ! አሜሪካ የኢራንን ምንጣፍ በ1987 ከለከለች፣ በ2000 ፈቀደች፣ በ2010 ዘጋች፣ በኒውክሌሩ ስምምነት ጊዜ በ2016 ከፈተች፣ በ2018 መልሳ ዘጋች። ከዱባይ መነሳቱ አያድነውም፤ የሚታየው የተሠራበት አገር ነው። ለመሸጥ ተብሎ ከመጣ ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል። እህትሽ «ውድ ነው» ያለችው ዜና ሰምታ ይሆናል። እዚህ ዲሲ የነበረው የኮርኮራን ሙዚየም የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኬርማን ምንጣፍ በ2013 ኒውዮርክ ላይ በ33.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያ ግን ሌላ ዓለም ነው።

የመርካቶ_ልጅ
ጋሼ፣ ስለ ዘርፉ ተቀብያለሁ። እዚያው ዱባይ ብትሸጠውስ?

ጋሽ_ምንጣፍ
ትችላለች፣ ግን ሱቅ የሚሰጣት ከሚሸጥበት በጣም ያነሰ ነው። አትራፊው ነጋዴው እንጂ እሷ አይደለችም። ከእኔ ሱቅም ቢሆን ያው ነው። ልጄ ብትሆን ይዘሽው ግቢ ነው የምላት።

እታለም_አዲስ
ወንድሟ «አሳጥበን» ያለው ነው ያስፈራኝ። እኛ ሰፈር ምንጣፍ የሚታጠበው መኪና እጥበት ቤት ነው። ኦሞ ይደፉበታል፣ በረኪና ይጨምራሉ፣ በብሩሽ ይፈትጉታል። ያንን ቀይ ቀለም ይዘው ነው የሚሄዱት። በመጀመሪያ ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቢና ቀዩ ላይ ለአፍታ ተጫኚው። ጨርቁ ከቀላ በውሃ አይነካ። ካልቀላ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሳያገኘው ይድረቅ። በየጊዜው በፊቱም በጀርባውም አቧራውን አንሺለት። ሶፋ ሥር የተደበቀውን ጥግ አትርሺ፤ ብል የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሰብልዬ_ዱባይ
ሁላችሁም ተባረኩ። መዳሜ ዛሬ ወረቀቱን በልጇ አስጽፋ ፈረመችልኝ። ይዤው እገባለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ እንዴት ልጠቅልለው? የተበላውን ዘርፍስ በመቀስ አስተካክዬ ልቁረጠው?

ጋሽ_ምንጣፍ
አትቁረጪ! ዘርፉ ድሩ ነው ብያለሁ። እሱ ሲያልቅ ቋጠሮው ከጫፍ ይፈታል። በወፍራም የጥጥ ክር ጫፉን እየያዝሽ ስፊው። ስትጠቀልዪ አትጠፊው፤ አንሶላ አልብሰሽ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ጠቅልዪ። በቁመቱ ከጠቀለልሽው 1.30 ሜትር ርዝመት ስለሚኖረው አየር መንገዱን ስለ ርዝመትና ስለ ኪሎ ቀድመሽ ጠይቂ። በላስቲክ ጥቅልል አድርገሽ እንዳታቆዪው፣ እንደደረስሽ ፍቺው፤ ሱፍ ከታፈነ ይሻግታል።