ሁለት ባለሙያና አንድ ሹፌር፦ አምቡላንስ ላይ ትዕዛዝ እንዳይጠፋ ምን ይደረግ?

ተረኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ፣ ኢኤምቲ (የአምቡላንስ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) እና ሹፌር ሆኖ በሚወጣ ቡድን ውስጥ ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ባለመነጋገር ነው። «አድሬናሊን ስጡ» ይባላል፤ ሁለቱም ሌላው የሰጠ ይመስላቸዋል፣ ወይም ሁለቱም ይሰጣሉ። ሲፒአር ላይ (ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት) ደረት የሚጫነው ቢደክመውም «ቀይሩኝ» አይልም። ሆስፒታል ሲደረስ ደግሞ ርክክቡን የሚሰማ የለም። ማን ምን ይያዝ? ትዕዛዝስ እንዴት ይነገር?

ቀይ ጃኬት
ክፍፍሉ መኪናው ሲነሳ ይለቅ፣ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ መከፋፈል አይሆንም። አንዱ ራስጌ ሆኖ የአየር መንገዱን፣ አምቡ ባጉን (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥበትን ከረጢት) እና ኦክስጅኑን ይይዛል፤ ከዚያ ሁሉም ስለሚታየው መሪውም እሱ ቢሆን ይመረጣል። ሌላው ደረት ላይ ነው። ሹፌሩ መኪናውን በመውጫው አቅጣጫ አቁሞ ስትሬቸር ካወረደ በኋላ ሰዓት ይይዛል፤ ከሰለጠነም በተራው ይጫናል።

አዋቂ ላይ በደቂቃ 100–120 ጊዜ፣ ከ5–6 ሴ.ሜ ጥልቀት፣ 30 ለ 2 (30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ)። ከ1 እስከ 30 ጮክ ብሎ መቁጠር ትንፋሽ ይጨርሳል፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ብቻ ጮክ ማለት ይበቃል። የደከመ ሰው መድከሙን አያውቅም፣ ጥልቀቱ ግን ቀንሷል። ስለዚህ ደክሞሃል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ሰዓት ያዡ በየ2 ደቂቃው «ቀይሩ» ይላል፤ ተቀያሪው ቀድሞ በወዲያኛው ጎን ተንበርክኮ ይጠብቃል። እጅ ከደረት ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ አይነሳ።

ትዕዛዝ አራት ነገር አለው፦ የሚሰጠው ሰው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ በሚሊግራም፣ መስጫ መንገዱ። ለአናፊላክሲስ (ለሕይወት አስጊ ለሆነ አለርጂ) እንዲህ ይሆናል፦
— ሲስተር፣ አድሬናሊን ዜሮ ነጥብ አምስት ሚሊግራም፣ በጡንቻ፣ ጭን ላይ።
— አድሬናሊን ዜሮ ነጥብ አምስት፣ በጡንቻ፣ ጭን ላይ።
— ልክ ነው።
— ተሰጠ፤ 4:12።

«እሺ» መልስ አይደለም፤ ምን እንደተሰማ አይነግርም። «ግማሽ ስጪው» ደግሞ ጭራሽ መጥፋት ያለበት አነጋገር ነው። የምን ግማሽ? የ1 ሚሊግራሙ አምፑል ግማሽ ነው ወይስ ወደ 10 ሚሊ የተበረዘው ስሪንጅ? ሳይረን እየጮኸ ደግሞ «አምሳ» እና «አምስት» አንድ ናቸው። የ40 ፐርሰንት ግሉኮስ 50 ሚሊ 20 ግራም ስኳር ነው፤ 5 ሚሊ ግን 2 ግራም፣ ራሱን የሳተውን አያነቃውም። «አምስት ዜሮ» በሉ።

ትሪያጅ ጠረጴዛ
ከተቀባዩ በኩል ልጨምር። ሳትነሱ ለላይዘን (የበሽተኛ ቅብብሉን ለሚያስተባብረው የሆስፒታል ክፍል) ወይም ለድንገተኛ ክፍል ደውሉ። ስትደርሱም በሽተኛውን ከማዘዋወር በፊት አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ ሌላው ሁሉ እጁን ይሰብስብ። (ሲፒአር ላይ ያለ ወይም ደም የሚፈሰው ካልሆነ ነው እንግዲህ።) ከደቂቃ በታች ያልቃል፦ «ወንድ፣ 30 ዓመት ገደማ። ጠዋት 2:30 ላይ መኪና ገጭቶት። ግራ ጭኑ ተሰብሮ ይደማል። ግፊት 80 በ50፣ የልብ ምት 130፣ ኦክስጅን 94። ቱርኒኬት ጠዋት 2:40፣ አንድ ካኑላ፣ 500 ሚሊ ፈሳሽ።» (ቱርኒኬት ደም ለማቆም እግር ወይም እጅ ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ ነው፤ ካኑላ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ።) ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ አደራ። እኛ 2:40 እንላለን፣ ሞኒተሩ 08:40 ያትማል። ቱርኒኬቱ ላይ «2:40» ብቻ ከተጻፈ በፈረንጅ ሰዓት ያነበበው ሰው ከሌሊቱ ጀምሮ፣ ከ6 ሰዓት በላይ የታሰረ ይመስለዋል። ያን ያህል የቆየን ቱርኒኬት ማንም ቶሎ አይፈታም፣ ስለ እግሩ የሚወሰነውም ሌላ ይሆናል። «ጠዋት» የምትለዋን ቃል ጨምሩ፣ ወይም ቡድኑ በሙሉ በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ።

መሪ ጨባጭ
ሹፌሩን የረሳችሁት መሰለኝ። ከኋላ ምን እየተሠራ እንደሆነ ካልነገራችሁት ይከንፋል። «መርፌ» ስትሉት ያቀዘቅዛል፤ እሱም ከኩርባና ከጉብታ በፊት «ያዙ!» ይላል። ኦክስጅኑንም በደቂቃ ቆጥራችሁ ንገሩት። ባለ 2 ሊትር ሲሊንደር ጌጁ 100 ባር ካሳየ 200 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ከተለቀቀ 20 ደቂቃ፣ መጠባበቂያ ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። መንገዱ ከተዘጋጋ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

ተረኛ
እግዜር ይስጥልኝ። የበላይ ሲሳሳትስ? እዚህ ላይ ይሉኝታው ነው የሚያስቸግረው።

ቀይ ጃኬት
መጀመሪያ የሚታየውን ብቻ ተናገር፦ «ሲስተር፣ መርፌው ካኑላው ላይ ነው፤ ያልነው በጡንቻ ነበር።» ካልተሰማ «ይቁም!»። ይህን ቃል ተረኛ ስትሆኑ አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ ማንም ይበለው፣ ሁሉም እጅ ይቆማል። የሚቆመው ሥራው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም፣ ስለዚህ ለአንቱም ለአንተም ያው ነው።