የካቫ ዱቄት ሳፈላው ለምን እንደ አጥሚት ወፈረ?

ጥያቄ፦ እንጦጦ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው በካሊፎርኒያ ሲሆን፣ አብሮኝ የሚሠራ የፊጂ ተወላጅ ካቫ ከተባለ የፓሲፊክ ደሴቶች ተክል ሥር የተፈጨ ግማሽ ኪሎ ያህል ዱቄት በስጦታ ሰጥቶኛል፤ በአገሩ «ያንጎና» እንደሚባልም ነግሮኛል። እንደ ሻይ የሚፈላ መስሎኝ በፈላ ውሃ ላይ ጨምሬ ለ10 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ባቆየው፣ እንደ አጥሚት ወፍሮ በማጥለያ አልወርድ ስላለ መድፋት ግድ ሆነብኝ። በመጪው እሑድ ባልደረባዬ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤታችን ስለሚመጣ፣ የአገሩን መጠጥ በወጉ አዘጋጅቼ ብቀበለው ደስ ይለኛል። ስሕተቴ ምን ላይ ነው? አብረውን የሚኖሩት እናቴ የእንቅልፍ መድኃኒት ስለሚወስዱ፣ እርሳቸው ቢቀምሱት ጉዳት ይኖረው እንደሆነም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጣና

ወንድሜ፣ ስሕተቱ እሳቱ ነው። ለጥቂት ዓመታት በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ ስኖር ካቫ ሲፈላ አንድም ቀን አላየሁም። የሥሩ ትልቁ ክፍል ስታርች ስለሆነ በፈላ ውሃ እንደ ገንፎ ይያያዛል፤ ከመጠጡ የሚፈለጉት ካቫላክቶን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ደግሞ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሙ፣ ወደ መጠጡ የሚገቡት በመፍላት ሳይሆን በመታሸት ነው።

ለአንድ ዙር 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ማለትም 30 ግራም ገደማ፣ ጠጅ በምናጠልልበት ዓይነት ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ጨምረው አፉን ጥብቅ አድርገው ይሰሩ። በጎድጓዳ ሳህን 3 ኩባያ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ (ጣት የማያቃጥል መሆን አለበት) አዘጋጅተው፣ የታሰረውን ጨርቅ ነክረው ልክ ልብስ እንደሚታጠብ ለ10 ደቂቃ ያህል እያሹና እየጨመቁ ይቆዩ። ውሃው የጭቃ ውሃ መስሎ ሲደፈርስ ደርሷል ማለት ነው። አተላው ወዲያው አይጣልም፤ በጥቂት ውሃ ሁለተኛ ጊዜ ሊታሽ ይችላል፤ ቀጠን ይላል እንጂ ያው ካቫ ነው። የሚጠጣው በዚያው ቀን ነው፤ ከተረፈም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፣ ለብዙ ቀን ግን አይቆይም።

መልስ፦ ወይናደጋ

በፋርማሲ ሙያ የምሠራ ስለሆንኩ ስለ እናትዎ ልመልስ፦ እባክዎ አይቅመሱት። ካቫ ራሱ የማረጋጋት ኃይል ስላለው ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ አንዱ የሌላውን ኃይል ያበረታል፤ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ደግሞ መፍዘዝና መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ሊርቁት ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 ካቫ ያለባቸው ምርቶች ጉበትን ክፉኛ ሊጎዱ እንደሚችሉ ለሕዝብ አስጠንቅቋል። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ከአልኮል ጋር አይቀላቅለው፤ ስለዚህ በዚያ እሑድ ጠጅም ሆነ ቢራ ከማዕዱ ይቅር፤ እንግዶችዎም ከጠጡ በኋላ መኪና እንዳይነዱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

እንጦጦ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ ነገሩን ተረድተው ቡና እንደሚያፈሉላቸው ነግረውኛል። ዛሬ በተባለው መንገድ ለሙከራ ጥቂት አዘጋጅቼ ስቀምሰው ግን ምላሴና ከንፈሬ ደነዘዙ፤ ዱቄቱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጣና

አልተበላሸም፤ መደንዘዙ የካቫ ጠባይ ነው፤ እንዲያውም በሚገባ እንደታሸ ያመለክታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይለቃል። ምሬቱ ከበዛብዎ ከጠጡ በኋላ ቁራጭ አናናስ ይቅመሱ። ወጉን በተመለከተ፣ በፊጂ መጠጡ የሚዘጋጀው ታኖአ በሚባል ባለ እግር የእንጨት ገበቴ፣ የሚቀዳውም ቢሎ በሚባል የኮኮናት ቅርፊት ነው፤ እርስዎ ግን ሰፊ ሳህንና ትንሽ ጽዋ ይበቃዎታል። ጽዋው ሲሰጥዎ አንድ ጊዜ አጨብጭበው «ቡላ» (የፊጂ ሰላምታ ነው) ይበሉ፤ በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ጽዋውን ከመለሱ በኋላም ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ጨርቁን ራሱ እንግዳው እንዲያሽልዎ ቢጋብዙት ደግሞ፣ ከማንኛችንም መልስ ይልቅ ከእርሱ እጅ የሚማሩት ይበልጣል።