የከረጢት እሽግ ጥንካሬ መዋዠቅን በከፊል ፋክቶሪያል ሙከራ መቀነስ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዱቄት መሰል ምግብ በፕላስቲክ ከረጢት በሚያሽግ መስመር ላይ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። በሙቀት የተጣበቀውን የከረጢት አፍ ለማላቀቅ የሚያስፈልገውን ጉልበት ስንለካ አማካዩ የሚፈለገውን ያህል ቢሆንም መዋዠቁ አስቸግሮናል፤ አንዱ ከረጢት ሲጎተት ፊልሙ ራሱ ይቀደዳል፣ ቀጥሎ የወጣው ግን እንደ ፖስታ ይከፈታል። የምጠረጥረው የመንጋጋውን (የከረጢቱን አፍ ጨምቆ በሙቀት የሚያጣብቀውን ክፍል) ሙቀት፣ ግፊቱን፣ ተጭኖ የሚቆይበትን ጊዜ፣ የፊልሙን ውጥረትና የማቀዝቀዣውን አየር ነው። አምስቱን በዝቅተኛና በከፍተኛ ደረጃ ለመሞከር 32 ጥምረቶች ያስፈልጋሉ፤ መስመሩ ግን ለዚያን ያህል ጊዜ አይለቀቅልኝም። ከፊል ፋክቶሪያል በሚባለው መንገድ ከጥምረቶቹ የተመረጡ 16 ወይም 8 ብቻ ሞክሬ ብጨርስ ውጤቱ ይታመናል?

መልስ 1፦
16ቱን ይምረጡ። ከፍተኛውን ደረጃ በመደመር፣ ዝቅተኛውን በመቀነስ ምልክት ጽፈው የአምስተኛውን ደረጃ የአራቱን ምልክቶች በማባዛት ከወሰኑ፣ የእያንዳንዱ ነጠላ ውጤት (ለብቻው የሚያመጣው ለውጥ) የሚደባለቀው፣ ማለትም ተለይቶ የማይታወቀው፣ ከአራትዮሽ መስተጋብር (የአንዱ ውጤት እንደ ሌሎቹ ደረጃ ከመለዋወጡ) ጋር ብቻ፣ የሁለትዮሹም ከሦስትዮሹ ጋር ብቻ ስለሚሆን ብዙም አያሳስብም። በ8 ከሆነ ግን ነጠላ ውጤቶች ከሁለትዮሽ መስተጋብሮች ጋር ይደባለቃሉ፤ ሙቀትና የመቆያ ጊዜ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍን በመሆኑ መስተጋብራቸውን እንደሌለ መቁጠር አይቻልም።

ከየጥምረቱ 10 ከረጢቶች ለክተው መደበኛ ልይይታቸውን (ከአማካያቸው የሚርቁበትን መጠን) ያስሉና የእርሱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ለትንተናው ይያዙ። ልኬቶቹ መደበኛ ስርጭትን (የደወል ቅርጽ ያለውን) ከተከተሉ፣ በዚህ ሎጋሪዝም ላይ የአንድ ነጠላ ውጤት ግምት መደበኛ ስሕተት ወደ 0.12 ይጠጋል፤ ስለዚህ ልይይቱን በሩብ ያህል የሚለውጥ ነገር ይታይዎታል። በ5 ከረጢቶች ግን ስሕተቱ ወደ 0.20 ከፍ ይላል።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን 10ሩ ከረጢቶች እንዴት እንደሚወሰዱ ከቁጥራቸው የበለጠ ያሳስበኛል። ተከታትለው የወጡትን ከወሰዱ ማሞቂያው እየበራና እየጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈጥረው መዋዠቅ ከነጭራሹ አይታይም፤ ሙከራው ያገኘው መፍትሔም ሥራ ላይ ሲውል ይከሽፋል። እኔ በሠራሁበት መስመር የመንጋጋው አንዱ ጫፍ አልቆ ኖሮ የከረጢቶቹ የግራ ጠርዝ ምንጊዜም ይላላ ነበር፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የሙቀትና የግፊት ጥምረት አላስተካከለውም። ከሙከራው በፊት መንጋጋውን ይመርምሩ፣ የናሙናውንም ቦታ ይመዝግቡ።

የጥምረቶቹ ቅደም ተከተል በዕጣ ይሁን። ሙቀቱን ደጋግሞ መቀየር ከባድ ሆኖ ዝቅተኛውን በአንድ ወገን፣ ከፍተኛውን በሌላ ወገን ካደረጉት ግን የቀኑ ለውጥ ሁሉ የሙቀት ውጤት መስሎ ይታያል፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ እያፈራረቁ ይመላለሱ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው በየሁለት ደቂቃው አንድ ከረጢት እወስዳለሁ። መዋዠቁን የሚቀንሰው ደረጃ አማካዩን ዝቅ ቢያደርገውስ?

መልስ 1፦
አማካዩን ለብቻው ይተንትኑት። መጀመሪያ ልይይቱን የሚነኩትን ጥሩ ደረጃቸው ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያም ልይይቱን ሳይነካ አማካዩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ነገር ካገኙ በእርሱ ወደሚፈለገው ልክ ይመልሱት። ፊልሙ የተቀደደባቸውን ከረጢቶች ግን ለይተው ይመዝግቡ፤ በእነርሱ የተለካው የፊልሙ ጥንካሬ እንጂ የእሽጉ አይደለምና፣ ከሌሎቹ ጋር ሲቀላቀሉ የልይይቱን ስሌት ያዛባሉ።