የእናቴን የትከሻ ሕመም በእንግሊዝኛ እንዴት ልግለጸው?

እናቴን ትከሻዋን ያማታል። ሐኪሟ አማርኛ ስለማይችል አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት ውስጥ ውስጡን ይቆረጥማታል። ቀን ደግሞ ቦታውን ጫን ሳደርገው "እህ!" ትላለች። ሹራብ ለመልበስ እጇን ስታነሳ የሚሰማት ግን ሌላ ነው፤ እንደ መርፌ ጠቅ ያደርጋታል።

ሁሉንም "ፔይን" ስለው ሐኪሙ "ምን ዓይነት ፔይን?" ብሎ መልሶ ይጠይቀኛል። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ደግሞ ፔይንም፣ ኤክም፣ ሶርም፣ ኸርትም ፊት ለፊታቸው ያው "ሕመም" ነው።

ከምሳሌዎች እንደገባኝ ፔይን ለሁሉም ይሆናል። ኸርት አብዛኛውን ጊዜ ግስ ነው፤ ስሜት ሲጎዳም ይባላል። ኤክ ኃይለኛ ባይሆንም ቶሎ የማይለቅ ሕመም ነው። ሶር ደግሞ ሲነኩት ወይም ሲያንቀሳቅሱት የሚያም፣ ለምሳሌ ከከባድ ስፖርት በኋላ የዛለ ጡንቻ። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ግን ጉሮሮ ሲያም "ሶር ትሮት"፣ ጥርስ ሲያም "ቱዝኤክ"፣ ደረት ሲያም "ቼስት ፔይን" ይባላል። የጥርስ ሕመም እኮ አንዳንዴ አናት ድረስ ነው የሚጠዘጥዘው! ስለዚህ በትርጉሙ ብቻ መተማመን ከበደኝ። ነገሩ የእናቴ ጤና ስለሆነ በግምት መናገር አልፈልግም።

እንግሊዝኛውን በደንብ የምታውቁ፣ በተለይ ሕክምና ላይ ያላችሁ፦ የሌሊቱን ቁርጥማት "ኤክ"፣ ሲጫኑት የሚያማትን "ሶር"፣ እጇን ስታነሳ የሚወጋትን "ሻርፕ ፔይን" ብለው ሐኪሙ ልክ እሷ እንደሚሰማት ይረዳኛል?