ባሕር ዳር ላይ የኩላሊት እጥበት ለምትጀምሩ፦ የት፣ በምን፣ ከዚያስ? (ጥቆማ)

እህቴ እጥበት ከጀመረች ወዲህ «የት ይሻላል?» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። የሕክምናውን ነገር ከሐኪማችሁ፣ የኑሮውን ነገር ከእኔ ውሰዱ።

ዋናውን ላስቀድም። ቦታ በስሙ አትምረጡ። ሳታቋርጡ ልትመላለሱበት የምትችሉትን ምረጡ። ሙሉ እጥበት የሚባለው በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ወደ 4 ሰዓት ነው። አቅም እያነሰው 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠብ ብዙ ሰው አለ። አንድ ቀን ሲዘለል ሰውነት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ከፍ ሲል ደግሞ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ከቤት እስከ ማሽኑ ያለው መንገድም የሕክምናው አካል ነው።

*የመንግሥት ወይስ የግል?*

የመንግሥቱ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከተማው ውስጥ ስለሆነ በባጃጅ ይደረሳል። ከእጥበት በኋላ ሰው ድካምና ማዞር ስለሚሰማው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤታችሁ በአዴት መንገድ በኩል ከሆነ ሌላውን የመንግሥት ሆስፒታል ጥበበ ግዮንንም ጠይቁ። በመንግሥት ቦታ ዋጋው ከግሉ በጣም ያነሰ ነው። ፈተናው ተራ ማግኘት ነው።

የግል ሆስፒታል ስትጠይቁ «አንድ እጥበት ስንት ነው?» ብላችሁ አትመለሱ። ማጣሪያው፣ የደም መስመሩ፣ መርፌው፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ለደም ማነስ የሚወጋው መርፌስ? ላቦራቶሪውስ? እኛ አንድ ቦታ የተነገረንና የከፈልነው ብር በጣም ተለያየብን። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በወረቀት ዘርዝሩልን እንላለን። የጤና መድህን ካርድ ያላችሁም ቋሚ እጥበትን ይሸፍን እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ። ካርዱን ተማምናችሁ አትሂዱ።

የእኔ ምክር፦ ቋሚ ተራ የመንግሥት ላይ ያዙ፣ አንድ የግል ቦታ ላይ ደግሞ ለክፉ ቀን ፋይል አውጡ። የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ውጤታችሁ እዚያ ካለ፣ የአንዱ ማሽን ሲበላሽ ያለ ወከባ ትስተናገዳላችሁ።

የትም ብትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል? የውሃ ማጣሪያው በየስንት ጊዜ ይመረመራል? ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው የተለየ ማሽን አለ? አንድ እጥበት ብቻ ወደ 120 ሊትር ውሃ ይፈጃል፤ ያውም በልዩ ሁኔታ የተጣራ። ጣና አፍንጫችን ሥር ነው ብላችሁ ይህን ጥያቄ እንዳትዘሉት።

ከዘጌ፣ ከሐሙሲት፣ ከወረታ የምትመጡ ከቻላችሁ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር እጥበት መዝለል ከኪራዩ ይከብዳል። ለጎርጎራ ሰው ግን ጎንደር ይቀርባል፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እጥበት ይሰጣል።

*ካቴተር ወይስ ፊስቱላ?*

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው አንገቱ ላይ በሚገባ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ነው። ለጊዜው ግድ ነው። ግን በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ የተቀመጠ ባዕድ ነገር ስለሆነ ኢንፌክሽን ያመጣል። በእጥበት መሀል ብርድ ብርድ ካላችሁና ከተንቀጠቀጣችሁ «ብርድ መትቶኝ ነው» አትበሉ። ያኔውኑ ለነርሷ ንገሩ።

ፊስቱላ ማለት ክንድ ላይ ደም ወሳጅና ደም መላሽ ሥሮችን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማገናኘት ነው። የእጥበቱ መርፌ ሊገባበት እስኪደርስ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትሉ ማን እንደሚሠራው ሐኪማችሁን ጠይቁ። እህቴ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው ሁለት ጣቷን ክንዷ ላይ ማሳረፍ ነው። ሥሩ ከቆዳው ሥር እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። መንዘሩ ከጠፋ ደሙ ረግቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ዘንቢል አይንጠለጠልም፣ ተንተርሶም አይተኛም።

*ለቤት የሚገዛ*

የግፊት መለኪያ ስትገዙ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት። በላይኛው ክንድ የሚታሰረው ይሻላል፤ ጨርቁ ክንዳችሁን የሚበቃ ይሁን። ሚዛን ደግሞ ባለ ዲጂታል ግዙ። ባለ ሞላው ግማሽ ኪሎ ቢሳሳት ምንም አይመስልም፤ እጥበት ላይ ላለ ሰው ግን ግማሽ ኪሎ ማለት ግማሽ ሊትር ውሃ ነው። በየጠዋቱ መዝኑና ደብተር ላይ ጻፉ።

ለውሃው የሚጠቅም ቀላል ዘዴ አለ። ሐኪሙ የፈቀደላችሁን የቀን መጠን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉት። ቡና ስትጠጡ፣ ሾርባ ስትጠጡ፣ ያንኑ ያህል ከጠርሙሱ ድፉ። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን የዕለቱ አለቀ።

ጸበልም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ጸበል የምትሄዱትን አትሂዱ አልልም፤ እኛም እንሄዳለን። ግን እጥበቱን አታቋርጡ። በጆግ ከመጠጣት መቅመስ ይበቃል። ካቴተር ካላችሁ ደግሞ ቦታው መርጠብ የለበትምና ለአጥማቂው አባት ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ምግብ ላይ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ ያለ ጨው ብትጠብሱ ጥሩ ፕሮቲን ነው። ጨው የተነሰነሰበትን ደረቅ ዓሣ ግን እርሱት። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካንና ቲማቲም ፖታሲየማቸው ብዙ ነው። ድንችን ልጣችሁ ከትፋችሁ ቀቅሉትና ውሃውን ድፉት። ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሱቅ አንስታችሁ አትዋጡ፤ የቀረችውን የኩላሊት አቅም ይጎዳሉ።

*የኩላሊት ንቅለ ተከላ*

አቅሙና ለጋሹ ካለ ከዕድሜ ልክ እጥበት የተሻለው ይህ ነው። አገር ውስጥ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ጀምሮታል። የሚሠራውም በሕይወት ካለ ዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ነው። ኩላሊት መግዛትና መሸጥ ወንጀል ነው። «ለጋሽ አገኝልሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት።

ቤተሰብን ቀድማችሁ አወያዩ። የደም ዓይነት እዚሁ ባሕር ዳር በቀላሉ ይታያል። የለጋሹ ግፊት፣ ስኳር፣ የኩላሊት ሥራና ሄፓታይተስም ይመረመራል። የለጋሹና የተቀባዩ መስማማት የሚታይበት የቲሹና የክሮስማች ምርመራ ቀጥሎ ይመጣል። ደም መውሰድ በኋላ ተስማሚ ለጋሽ ማግኘትን ሊያከብድ ስለሚችል፣ ደም ልትወስዱ ስትሉ «ንቅለ ተከላ እናስባለን» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ለጋሹንም አታስገድዱ፤ ለብቻው ሆኖ «አልችልም» የማለት ዕድል ይኑረው።

ህንድ የሚሄዱም አሉ። ወጪው ከባድ ነው፤ የዝምድና ማረጋገጫና የኤምባሲ ደብዳቤም ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ስትሄዱ መጀመሪያ እዚያ የእጥበት ተራ ያዙ፣ ከዚያ ትኬት ቁረጡ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪና ቀኑን ሙሉ ነው። ደረቅ ክብደታችሁን (ትርፍ ውሃው ሲወጣ ያላችሁን ክብደት)፣ የሄፓሪን መጠኑን፣ የቫይረስ ምርመራ ውጤቱንና የምትወስዱትን መድኃኒት የያዘ ደብዳቤ ከሆስፒታላችሁ አጽፉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ክትትሉ ስለሚበዛ እዚያ የምታርፉበትን ዘመድ ቤት ከወዲሁ አመቻቹ።

ተመልሳችሁ ስትመጡ ኩላሊቱን የሚያቆየው መድኃኒቱ ነው። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚያደርገው ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ይወሰዳል፤ ዕድሜ ልክ ነው። ፋርማሲስቱ ሌላ ብራንድ ቢሰጣችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትቀይሩ። የያዛችሁት ሊያልቅ ሲል ሳይሆን የአንድ ወር ሲቀር መፈለግ ጀምሩ። ባሕር ዳር ላይ በቋሚነት የሚያስመጣ ፋርማሲ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን፤ ለብዙ ሰው ይጠቅማል።